ዶሮን ብርድ አይገድላትም፦ የወይዘሮ ሸጊቱ ቢራራ ታሪክ

ወይዘሮ ሸጊቱ ቢራራ ከአባታቸው ከአቶ ቢራራ ክንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ ዋሴ፣ ጥር 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኝ የገብስ አገር ተወለዱ። የተወለዱት ያለ ወራቸው ነው፤ ያን ሰሞን ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ነበር ይባላል። እፍኝ የማይሞሉ ሕፃን ስለነበሩ አያቴ ስጦታ ከምድጃው ጀርባ፣ ዶሮ ከታቀፈችበት ቅርጫት አጠገብ አስተኝተው፣ በሰማንያ ቀናቸው ለክርስትና አደረሷቸው፤ የክርስትና ስማቸውም ወለተ ሚካኤል ተባለ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ “ይችን ልጅ እኔና ዶሮዋ ነን ያሳደግናት” ይሉ ነበር።

ይህን የጻፍሁት የወንድማቸው የመምህር ደምለው ቢራራ ልጅ፣ ያለምወርቅ ደምለው ነኝ። እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ለአሥራ ሦስት ዓመት የአክስቴን ደጅ አልረገጣችሁም። እኔም አልረገጥሁም። እንግዲህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ዛሬ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጣልያን ወልቅፊት ላይ መሽጎ በነበረበት በ1933 ዓ.ም. አባታቸው አቶ ቢራራ በመድፍ ተመቱ። ከሥጋቸው የተገኘው በጋቢ ተቋጥሮ ነው ቤት የገባው። አያቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ አባቴ ደምለው የተወለዱት አባታቸው ከሞቱ ከአራት ወር በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ በሐዘኑም በወሊዱም ተጎድተው ተኙ። ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ገብስ አኝከው አጉርሰው ያሳደጉት የስድስት ዓመቷ ሸጊቱ ናቸው። እርሳቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። አባቴ ግን ተማሩ፤ ደብተሩም እርሳሱም የተገዛው ከአክስቴ ዶሮዎች እንቁላል ነው። አባቴ መምህር ሆነው ደባርቅ ሲመደቡ የመጀመሪያ ጫማቸውን ይዘው የሄዱት ወደ እኅታቸው ነበር፤ “አንቺ ነሽ የገዛሽው፣ አንቺው አጥልቂልኝ” ብለው እግራቸውን ዘረጉላቸው ይባላል።

ወይዘሮ ሸጊቱ በ1944 ዓ.ም. ከአቶ ሸጋው ውዱ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ኑሯቸውን ደባርቅ አደረጉ። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱንም በአንድ ወር በኩፍኝ ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ልጅ አልሰጣቸውም። ዶሮ ያበዙት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጎረቤት በልጅ ምትክ ነው ቢልም እርሳቸው ይህን ሲሰሙ ይቆጡ ነበር። ዶሮ ዶሮ ናት፣ ልጅ ልጅ ነው ይሉ ነበር።

የደባርቅን ብርድ ለደባርቅ ሰው አልነግርም። ከጥቅምት እስከ ጥር ውኃ በእንስራ ውስጥ የሚረጋበት አገር ነው። ሰው ሁሉ ዶሮውን እቤቱ ቆጥ ላይ ያሳድራል። አክስቴ ግን በዝተውባቸው ለብቻቸው ቤት ሠሩላቸው። በታኅሣሥ 1961 ዓ.ም. ውርጩ ሲከፋ፣ ዶሮዎቹ ይሞቃቸው ብለው የቤቱን ስንጥቅ ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ በእበት ለቀለቁት። እናት ልጇን በጋቢ እንደምትጠቀልል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢከፍቱት አርባ ሦስት ዶሮ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሞቷል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሯል፤ ግድግዳው በላብ ረጥቦ ይንጠባጠባል። ሰዉ ፈንግል ነው አለ። አክስቴ ግን ፈንግል ያውቁታል፤ ዶሮ በፈንግል ስትያዝ አንገቷ ይጣመማል፣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፤ እነዚህ ግን እንዲህ አልነበሩም። አንዲት ዶሮ ብቻ በሕይወት ተገኘች። አይጥ በበሳችው ቀዳዳ ላይ አፏን ደቅና፣ ከውጭ ያለውን ብርድ እየማገች ነበር።

ያን ቀን ጉድጓድ ቆፍረው ዶሮዎቹን አብረዋቸው የቀበሩት አባቴ ናቸው። ያችንም ዶሮ በዓይናቸው አይተዋታል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ አያያዛቸውን ለወጡ። ከሥር ነፋስ እንዳይገባ በጭድ ይደፍናሉ፤ ከላይ ግን፣ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ፣ ክዳኑ ሥር ቀዳዳ ይተዋሉ። ነፋሱ ቀጥ ብሎ እንዳይመታቸው በቀዳዳው ውስጥ ጅብራ ያስገባሉ። ከላይ ከተራራው የሚበቅለው የጅብራ ግንድ ሲደርቅ ልቡን አውጥቶ መጣል ነው፣ ቧንቧ ይሆናል። ያንን በጋለ ብረት ጠርገው አጋድመው ይሰኩታል። ጅብራውን ከተራራ ተሸክመው ያመጡላቸው የነበሩት አባቴ ናቸው። ዶሮ የምትሰፍርበትን እንጨትም ክብ አያደርጉትም፤ ጠፍጣፋ አድርገው ይፈልጡታል፣ ዶሮዋ እግሯን በላባዋ ሸፍና እንድትተኛ። ማታ ማታ ከመስፈራቸው በፊት የተቆላ ገብስ፣ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ፣ ለቅንቅን የሚንከባለሉበት አመድ። ውርጩ ሲከፋ ደግሞ የአውራውን ዶሮ አናት ቅቤ ይቀቡታል፤ አለበለዚያ ያ ቀይ ሥጋ በብርድ ጠቁሮ ይረግፋል። በዚህ ደባርቅ ምን ያህል እንደሳቀ! “የሸጊቱ ዶሮ እንደ ሙሽራ ቅቤ ይቀባል” ተባለ። ሳቁን የጀመሩት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ቅቤ ይዘው ዶሮ ሲያሳድዱ ታዩ።

በ1967 ዓ.ም. የዘመቻ ተማሪዎች ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮ ይዘው መጡ። ግማሹ በጥቅምት አለቀ፤ የቀረውን አክስቴ አዳኑት። በዚህ ምክንያት በ1968 ዓ.ም. የሴቶች ማኅበር ትልቅ የዶሮ ቤት ሲሠራ አሠሪዋ እርሳቸው ሆኑ። ስምንት እርምጃ በአምስት፣ ግድግዳው ክንድ የሚሞላ ወፍራም ጭቃ፣ ከላይ ስድስት ሰፋፊ መተንፈሻ። መንገዱ ዳር ያለው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ቤት ነው።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ሸማቂዎችና መንግሥት ደባርቅ ላይ ሲታኮሱ አቶ ሸጋው ዶሮዎቹን በቅርጫት አድርገው ወደ ቤት ሲያስገቡ ደረታቸውን ተመትተው በራቸው ላይ ወደቁ። ቅርጫቱ ተከፍቶ ዶሮዎቹ በደማቸው ላይ ተራወጡ። ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ገብተው የሃያ ዶሮ አንገት ጠምዝዘው፣ የባላቸው ሬሳ ከጓዳ ሳይወጣ ሥሪልን ብለው አሠሯቸው። አክስቴ ሠሩ። ወጡ ጨው አንሶታል ብሎ አንዱ በጥፊ መታቸው።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. እመጣለሁ። ከዚህ በታች ገሠሠ የሚባለውን ሰው አንቱ አልለውም፤ ሙት አይወቀስም የሚሉ ካህናት ካሉ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ገሠሠ ያኔ የሰፈሩ ሊቀመንበር ነበር። አናርኪስት ናቸው ብሎ ሠላሳ አንድ ሰው ሰብስቦ፣ ዶሮዎቹን አስወጥቶ አርዶ፣ ሰዎቹን በዶሮ ቤቱ ቆለፈባቸው። ከሠላሳ አንዱ አንዱ አባቴ ናቸው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በየጠዋቱ ከእናቴ ከወይዘሮ ውቢት ጋር ከመንገዱ ማዶ እንቆማለን፤ እስረኞቹ በመተንፈሻው ስማቸውን ይጠራሉ፤ ስሙ የተጠራለት ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ደምለው ሲባል እንሰማና እንመለሳለን። አንድ ጠዋት ስሙ የቀረበት ልጅ እናት እዚያው መንገድ ላይ ተንከባለለች፤ ልጇ በዱላ ተደብድቦ ሞቶ ኖሯል፣ ገሠሠም በቦታው ሌላ ሰው አስገብቶ ቁጥሩን ሞላ። ይህ ስም ጥሪ አላስደሰተውም። ስድስቱም መተንፈሻ ይደፈን አለ።

ይደፍኑ ዘንድ የታዘዙት አክስቴ ናቸው። የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ድፈኚው አላቸው። ረቡዕ ዕለት እንቢ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ደፉ ላይ አስቀምጦ በጠመንጃ ሰደፍ መታው፤ ሁለት ጣታቸው ተሰበረ። ቀጥሎም እንቢ ካልሽ ግንበኛ አስመጥቼ በሲሚንቶ አስደፍነዋለሁ አለ። ይህን ሲሰሙ ነው እሺ ያሉት። ሲሚንቶ የገባበት ግድግዳ ምንም እንደማያስተነፍስ ገባቸው፤ በ1961 ዓ.ም. የቀበሯቸው አርባ ሦስቱ ዶሮዎች ትዝ አሏቸው። ሌላ ሰው ከሚደፍነው እኔ ልድፈነው አሉ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 20 ቀን ጠዋት፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጭቃቸውን በቤታቸው አቡክተው፣ የጭድ ሸክም ይዘው መጡ። ከመሰላል ላይ ወጥተው ስድስቱንም ደፈኑ። የደባርቅ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። እኔም አየሁ። በእጃቸው ጀርባ ሲያለሰልሱት፣ ወደ ኋላ ብለው ሲያስተያዩት፣ የዶሮ ቤት እንደሚያሳምሩ ሆነው ታዩን። እናቴ ያን ቀን የተናገሩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት አሥራ ሁለት ሰው ሞቶ ነበር። ገሠሠ ሬሳዎቹን ግድግዳው ሥር አስደርድሮ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ እኔ አንድ ጥይት አልተኮስሁም፣ ጠይቋት፣ የገዛ ወገናቸው ናት በጭቃ ያፈነቻቸው አለ። ለቅሶም ከለከለ። ሰው እንዲህ ሲያደርጉት ንዴቱን የሚያወርደው ጠመንጃ በሌለው ላይ ነው፤ እኛም ጠመንጃ በሌላቸው በአክስቴ ላይ አወረድነው።

አባቴ ከአሥራ ሁለቱ አልነበሩም። የካቲት 3 ቀን 1970 ዓ.ም. የተረፉት አሥራ ዘጠኙ እጃቸው የኋሊት ታስሮ በመኪና ወደ ሊማሊሞ ተወሰዱ። ጠመዝማዛው ላይ እያወረዱ እየተኮሱ ወደ ገደሉ ገፏቸው። የአባቴ ሬሳ አልተገኘም፤ ጥንብ አንሣ ሲዞር ግን ከላይ ሆነን ሦስት ቀን አየን። ያለ ሬሳ፣ በር ዘግተን፣ ድምፅ ሳናሰማ አለቀስን። በዚያው ቀን አክስቴ ጸጉራቸውን ተላጭተው እያለቀሱ መጡ። እናቴ ከምድጃው የሚነድ እንጨት አንሥተው ግንባራቸውን መቷቸው። ዛሬ የገነዟቸው ሴቶች ያያችሁት የግንባራቸው ጠባሳ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዕድሩ አስወጣቸው። እንቁላላቸውን የሬሳ እንቁላል ነው ብሎ የደባርቅ ሰው አልገዛም አለ፤ የሚገዛቸው ታሪኩን የማያውቅ የመኪና ሾፌር ብቻ ነበር። ልጆች ሲያልፉ ይተፉባቸዋል። እኔ ከዚያም ባስሁ። በ1972 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከአጥራቸው ወጥታ የምትጭር ቀይ ቄብ ዶሮ አግኝቼ በድንጋይ ጨፈለቅኋት። አክስቴ ከደጃፋቸው ቆመው አዩኝ። ያችን ዶሮ ገንጥለው፣ አጥበው፣ በሌላ ሰው እጅ “ለደምለው ቤት” ብለው ወደ ቤታችን ላኳት። እናቴ ለውሻ ወረወሯት።

ገሠሠ በ1975 ዓ.ም. ከኮሶዬ ወዲህ ደፈጣ ውስጥ ገብቶ ተመትቶ ሞተ። ወሬውን ሊያበሥራቸው የሄደ ሰው እንደነገረኝ፣ አክስቴ ጫጩት ውኃ እያጠጡ ነበር፤ ሰምተው ማጠጣታቸውን ቀጠሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኸኛው ግን በጣም ነው ያደረ። ዘንድሮ፣ በሚያዝያ 1983 ዓ.ም.፣ አቶ ታገኘ ያርጋል የሚባሉ የበየዳ ሰው ከሱዳን ተመልሰው ደባርቅ ገቡ። አሁን ከፊት የተቀመጡት እርሳቸው ናቸው። ከሠላሳ አንዱ እስረኞች አንዱ ነበሩ፤ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ሲታጠፍ ከነገመዳቸው ዘለው ቁጥቋጦ ይዟቸው ተርፈዋል። እናቴንና እኔን ፈልገው መጥተው ከዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ነገሩን።

አክስቴ መተንፈሻዎቹን ሲደፍኑ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት የጅብራ ቧንቧ ቀብረው ነበር። በጭዱ ሸክም ውስጥ ደብቀው ነው ያመጡት። የውጭ ጫፉን ከክዳኑ ጥላ ሥር ስላጋደሙት ከታች የቆመ ሰው አያየውም። አሥራ ስምንት ቧንቧ፣ በዚያ በተሰበረ እጅ። እነዚያ ቧንቧዎች እንደተከፈቱ ቢቆዩ ሠላሳ አንዱንም ያስተነፍሱ ነበር። ነገር ግን ያ የስሜን ነፋስ በታኅሣሥ በቧንቧው እያፏጨ ሲገባ፣ አብዛኞቹ እስረኞች ደግሞ ካኪና ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ስለነበር፣ እኛ ደገኞች ከልጅነታችን የምናውቀውን አደረጉ። ብርድ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ መወተፍ ነው። ሸሚዛቸውን እየቀደዱ አንድ በአንድ ደፈኑት።

አባቴ ጅብራውን ሲያዩ አወቁ። አትድፈኑት ብለው ለመኑ። አልሰሟቸውም፤ ጥርሳቸው እየተፋጨ የነበረ ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ስድስተኛው መተንፈሻ ጥግ ላይ ነበረ። አባቴ ድንጋይ ላይ ወጥተው በጀርባቸው ከለሉት። ጎተቷቸው፤ አልወርድ አሉ። በቡጢ ፊታቸውን መቷቸው፤ ሁለት ጥርሳቸው ረገፈ። ጋቢያቸውን ገፈው ቀዳደው ሌላውን ቧንቧ ወተፉበት። አንድ ብርቱ ጎረምሳ ጉሮሯቸውን ይዞ ግድግዳው ላይ አጋጫቸው። ያኔ ነው አባቴ በዚያ ደም በሞላ አፋቸው የተናገሩት፤ አቶ ታገኘ ቃል በቃል ይዘውታል።

“ወንድሞቼ፣ ዶሮን ብርድ አይገድላትም፤ የሚገድላት የራሷ ትንፋሽ ነው። ይችን ቀዳዳ እኅቴ ናት የተወችልን፤ እኔን ገድላችሁ ድፈኗት።”

አቶ ታገኘና ጥቂት ሰዎች ከአባቴ ጎን ቆሙ። የቀሩት ሙቀት ወዳለበት ወደ መሐል ተጠጋግተው ተኙ። የሞቱት አሥራ ሁለቱ በሙሉ እዚያ መሐል የተኙት ናቸው፤ ያ ጎረምሳም ከነርሱ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፉት ጨርቁን ከአሥራ አንዱ ቧንቧ ነቅለው አወጡ፤ ከአራቱ ግን ጠልቆ ስለተወተፈ አልወጣ አላቸው። ስድስት ሳምንት ያህል በዚያ ትንፋሽ ኖሩ። አባቴ ወደ ሊማሊሞ መኪና ሲወጡ ለአቶ ታገኘ፣ ከተረፍህ ለሸጊቱ ቧንቧሽ ሠርቷል በላት ብለዋቸዋል።

እኔ በበኩሌ አላመንሁም ነበር። እናቴም አላመኑም። ስለዚህ ሦስታችን መዶሻ ይዘን ሄድን። ጭቃውን ስናፈርሰው ጅብራዎቹ እንዳሉ አሉ፤ ቆጠርናቸው፣ አሥራ ስምንት ናቸው። ከአንዱ ውስጥ አቶ ታገኘ በሽቦ የጎተቱት ጨርቅ የጋቢ ቁራጭ ነበር። እናቴ ተቀበሏቸውና ክሩን በጣታቸው መካከል አሹት። በእጇ የፈተለችውን ክር የማታውቅ ሴት የለችም። እዚያው የዶሮ ኩስ ላይ ተቀመጡ።

በዚያው ቀን ወደ አክስቴ ሄድን። ደረታቸው ታሞ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ተኝተው ነበር። እናቴ ከበሩ ጀምረው በጉልበታቸው እየዳሁ ገቡ። አቶ ታገኘ መልእክቱን ነገሯቸው። አክስቴ አለቀሱ። ለምን አልነገርሽንም አልኋቸው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን? በመጀመሪያ እስረኞቹ እዚያው ስለነበሩ ወሬው ከወጣ ቧንቧው ይነቀላል ብለው ፈርተው ነው፤ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ እንዲሉ። አባቴ ከሞቱ በኋላስ ብላቸው፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ እንዲህ አሉኝ።

“ጅብራውን ሰካሁ እንጂ አትድፈኑት ብዬ ለሰዎቹ አልነገርኋቸውም። ጠመንጃ ከኋላዬ ነበር፣ ፈራሁ። ዶሮ አይወትፍም፤ ሰው እንደሚወትፍ ማወቅ ነበረብኝ። አሥራ ሁለቱ በእኔ እጅ ነው የሞቱት፤ ደባርቅ ልክ ነው።”

እንግዲህ አክስቴ ምራቃችንን አሥራ ሦስት ዓመት የተሸከሙት ይገባኛል ብለው ነው። እኔ ግን ደባርቅ ልክ አይደለም እላለሁ። የገደለ ገሠሠ ነው። እኛም ቆመን አይተን፣ ማታ በራችንን ቆልፈን፣ የተሰበረውን እጃቸውን በጨርቅ ተጠቅልሎ እያየነው ምን ሆነሽ ነው ብለን ያልጠየቅን ነን። አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቃቸው ኖሮ! ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወይዘሮ ሸጊቱ በመጨረሻው ስድስት ሳምንት በእኔና በእናቴ እጅ ታመሙ። መስኮቱን ዝጉት አይሉም ነበር። እናቴ ሌት ከቀን አልተለዩአቸውም፤ ዶሮዎቹንም እንደ ሥርዓታቸው፣ ማታ ገብስ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ፣ እየሰጡ ቆዩ። የክረምቱ ብርድ ሲገባም አውራውን ዶሮ ቅቤ ሲቀቡት አክስቴ ከአልጋቸው አይተው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሳቁም። ከመምሬ ገብረ ኪዳን እጅ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ሰኔ 12 ቀን 1983 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሲገነዙ ጠማማ የቀሩት ሁለት ጣቶቻቸው አልዘረጋ አሉ። ሴቶቹ እናስተካክል ሲሉ እናቴ ተዉት ብለው ከለከሉ፤ እንዲያው እንዳሉ ይግቡ አሉ።

ከኋላቸው የወንድማቸው ሚስት ወይዘሮ ውቢት፣ እኔ ልጃቸው ያለምወርቅ፣ አቶ ታገኘ ያርጋልና ሱዳን የወለዷቸው አራት ልጆቻቸው አሉ። አራቱ ልጆች አክስቴን አላዩዋቸውም፤ አባታቸው በዚያች ጥግ ቀዳዳ ባይተነፍሱ ግን አይወለዱም ነበርና ከቤተሰቡ ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ አራት ዶሮም አሉ። ዕድሩ ዛሬ ድንኳን ይዞ መጥቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለመሞቻቸው መምጣቱንም ለመኖሪያቸው አለመምጣቱንም አልረሳም። ዶሮዎቹን ግን ስሙ ለቀረበት ልጅ እናት፣ ለአሥራ ሁለቱና ለሊማሊሞዎቹ ቤተሰቦች፣ ለፈቀደ እስኪያልቁ ድረስ አንድ አንድ እሰጣለሁ፤ ኑዛዜያቸው ነው። የምትወስዱ ሰዎች፣ በጥቅምት ውርጩ ሲመጣ ከሥር በጭድ ደልድሉላቸው፣ ከላይ ያለውን ቀዳዳ ግን አትድፈኑባቸው።

በአዳም አፍንጫ እስትንፋስ እፍ ያለ አምላክ፣ ለሌላው ትንፋሽ ሲሉ እጃቸውን የሰጡትን የእኅታችንን የወለተ ሚካኤልን ነፍስ ብርድና ጭቃ በማይደርስበት፣ በር በማይቆለፍበት ስፍራ ያኑርልን፤ እኛንም ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቅ ሰዎች ያድርገን። አሜን።